ካርታ ያልተሰጠው መንደር፦ ነፃ የወጡት ሰዎች በአርሊንግተን

ቨርጂኒያ የኖረ ሐበሻ ኮሎምቢያ ፓይክን ያውቀዋል። እንጀራ የሚገዛበት ሱቅ፣ ክትፎ የሚበላበት ቤት እዚያ አለ። በዚያው መንገድ ወደ ፔንታጎን ስንወርድ ከላያችን ድልድይ እናገኛለን። ዋሽንግተን ቡለቫርድ የሚባለው ሰፊ መንገድ የሚያልፍበት ነው። ከ2015 ጀምሮ ስሙ የፍሪድማንስ ቪሌጅ ድልድይ ሆኗል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በታክሲም በአውቶቡስም ስንመላለስ ስሙን ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን።

ፍሪድማንስ ቪሌጅ ማለት ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች መንደር ማለት ነው። ከ1863 እስከ 1900 ድረስ የቆየ፣ ሰው የተወለደበት፣ የተዳረበት፣ የሞተበት መንደር ነበር። ዛሬ አንድም ቤት አልቀረለትም። ቦታው የአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ደቡባዊ ክፍል ውስጥ ገብቷል።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት አንድ ጥያቄ ስለሚያስጨንቀኝ ነው። ከጦርነት በኋላ ባዶ እጁን የወጣን ሕዝብ መንግሥት እረዳለሁ ሲል ምን ይሰጣል? ምንስ ይሰስታል? እዚህ መንደር ላይ መልሱ ፍንትው ብሎ ይታያል። መንግሥት ምግብ ሰጠ። መድኃኒት ሰጠ። ፊደል አስቆጠረ። ቤትም ሠራ። የመሬት ባለቤትነት ካርታ ግን አልሰጠም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የሆነው ነገር ሁሉ ከዚህች አንዲት ወረቀት ጋር የተያያዘ ነው።

ኮንትሮባንድ የሚባሉ ሰዎች

ነገሩ የጀመረው የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ገና በተጫረበት በግንቦት 1861 ነው። ፍራንክ ቤከር፣ ጄምስ ታውንሴንድና ሼፐርድ ማሎሪ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በሌሊት በጀልባ ቀዝፈው ፎርት ሞንሮ ገቡ። ፎርት ሞንሮ ቨርጂኒያ ውስጥ በሰሜኑ ጦር እጅ የነበረ ምሽግ ነው። ጌታቸው የደቡብ ኮሎኔል ነበር። ለደቡቡ ጦር ምሽግ ሲያስቆፍራቸው ከርሟል። በማግስቱ ንብረታችን ይመለስልን የሚል መልእክተኛ መጣ።

የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር በሙያው ጠበቃ ነበር። በጦርነት ጊዜ ጠላት የሚገለገልበትን ንብረት መያዝ ይፈቀዳል። እናንተ ሰዎቹን ንብረት ካላችኋቸው እኔም እንደ ጦር ንብረት ይዣቸዋለሁ ሲል መለሰ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰሜኑ ጦር የሸሸ ባሪያ ሁሉ «ኮንትሮባንድ» ተባለ።

ቃሉን እኛም እናውቀዋለን። በእኛ አፍ ኮንትሮባንድ ማለት ኬላ ላይ የተያዘ ልባሽ ጨርቅ፣ ሲጋራ፣ ስኳር ነው። እዚያ ግን ልጅ ያዘለች እናት ነበረች። የበትለር ዘዴ ብዙ ሰው ማዳኗን አልክድም። ሆኖም ሰዎቹ ከጌታቸው እጅ ያመለጡት እንደ ዕቃ ተቆጥረው ነው። ስሙም ለዓመታት አልለቀቃቸውም። ቆየት ብለን እንደምናየው ደመወዛቸው ላይ ሳይቀር ተጽፎባቸው ኖሯል።

በሚያዝያ 16 ቀን 1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን በዋሽንግተን ከተማ ባርነትን ያስቀረውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ካሳ ነበረው። ካሳው ግን ለጌቶቹ ነው፤ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር። ዕድሜ ልካቸውን በነፃ ለሠሩት የተመደበው ሌላ ነው። አገር ለቅቆ እንደ ሄይቲና ላይቤሪያ ወዳለ ቦታ ለመሄድ ለፈቀደ ብቻ እስከ 100 ዶላር። እዚሁ ልኑር ያለ ምንም አላገኘም። ይህን ልብ እንበል። በኋላ አርሊንግተን ላይ የሚሆነው ሁሉ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው።

ሕጉ ሲወጣ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም ሰው ወደ ዋሽንግተን ጎረፈ። በእግሩ የመጣ አለ። ሽማግሌ እናቱን በጋሪ እየጎተተ የመጣ አለ። ከተማዋ አልተዘጋጀችም ነበር። ካምፕ ባርከር የሚባለው መጠለያ ተጨናነቀ። ፈንጣጣና ተስቦ ገባበት። በየቀኑ ሬሳ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ ደርሰው እጃቸውን የዘረጉት ራሳቸው ጥቁሮቹ ናቸው። ኤልዛቤት ኬክሊ በባርነት ተወልዳ ራሷን በገንዘብ ነፃ ያወጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። የሊንከንን ባለቤት ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። በ1862 ማኅበር አቋቁማ ብርድ ልብስና ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። የመንግሥት ቢሮ ገና ሳይፈጠር የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ድስት ጥደው ነበር።

የጄኔራሉ ርስት

በ1863 የጸደይ ወራት የዋሽንግተን አካባቢ ጦር የስንቅና ትጥቅ ኃላፊ የነበረው ሌተና ኮሎኔል ኢላያስ ግሪን አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሰዎቹን ከከተማው ጭንቅንቅ አውጥተን ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ እናስፍራቸው። ንጹሕ አየር ያገኛሉ። የሚያውቁትን እርሻ ያርሳሉ። ለሠራዊቱ አትክልትና ድርቆሽ ያመርታሉ። ለመንግሥትም ወጪ ይቀንሳል።

የተመረጠው ቦታ ተራ መሬት አልነበረም። የደቡቡ ጦር መሪ የጄኔራል ሮበርት ሊ ቤተሰብ ርስት ነው። ስፋቱ 1,100 ኤከር። በእኛ የድሮ ልኬት ወደ 11 ጋሻ ይጠጋል። የሊ ሚስት ከአባቷ ከጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ የወረሰችው ነው። ከስቲስ ደግሞ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ባለቤት የልጅ ልጅ ነበር። መሬቱን ለዘመናት ያለሙት ባሮች ናቸው። የሰሜኑ ጦር በግንቦት 1861 ያዘው። በጥር 1864 ደግሞ 92 ዶላር ከ7 ሳንቲም ግብር አልተከፈለም ተብሎ ለጨረታ ቀረበ። ወይዘሮ ሊ ዘመድ ልከው ሊከፍሉ ሞክረው ነበር። ባለቤቷ በአካል ካልመጣች አንቀበልም ተባለ። መንግሥት ራሱ በ26,800 ዶላር ገዛው።

መንደሩ በይፋ የተመረቀው በታኅሣሥ 4 ቀን 1863 ነው። ንግግር ነበር፣ መዝሙር ነበር። ትናንት ባሪያ የተገረፈበት ርስት ላይ ዛሬ የነፃ ሰዎች ቤት ሲመረቅ ማየት ምን እንደሚመስል እናስበው።

አንዳንዶቹ ነዋሪዎች ከሩቅ የመጡ አልነበሩም። እዚያው የተወለዱ ናቸው። ጄምስ ፓርክስ በ1843 በዚሁ ርስት በባርነት ተወለደ። ከስቲስ በ1857 ሲሞት ባሮቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ነፃ ይውጡ ብሎ ተናዞ ነበር። ሊ የኑዛዜው አስፈጻሚ ሆኖ የነፃነት ወረቀቱን የፈረመው ጊዜው ሊያልቅ ሲል በታኅሣሥ 29 ቀን 1862 ነው። ፓርክስ ነፃ ከወጣ በኋላም አካባቢውን አልለቀቀም። መሬቱ መቃብር ሲሆን የመጀመሪያዎቹን መቃብሮች ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ቀኑ እንዴት ይውላል?

ቤቶቹ ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ። ወደ 50 ይጠጋሉ። አንድ ፎቅ ከምናምን ናቸው፤ ከላይ ጣሪያው ሥር ጠባብ መኝታ አላቸው። አንዱ ቤት ለሁለት ቤተሰብ ይከፈላል። ኪራዩ በወር ከ1 እስከ 3 ዶላር። መንደሩ ትምህርት ቤት ነበረው። አቦት የሚባል 50 አልጋ ያለው ሆስፒታል ተሠራለት። ለጧሪ አልባ አረጋውያን መኖሪያ፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ የአንጥረኛ፣ የአናጢ፣ የጫማ ሠሪ፣ የልብስ ሰፊና የጋሪ ጎማ ሠሪ ቤቶች ነበሩት።

ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የታሰበ ነበር። መንግሥት ሰዎቹ እዚያ እንዲከርሙ እንጂ እንዲኖሩ አላሰበም። ሥራ ይልመዱ፣ ፊደል ይቁጠሩ፣ ከዚያ ወጥተው የትም ይግቡ የሚል ሐሳብ ነው። ነዋሪዎቹ ግን ከዚህ ወጥተው የሚገቡበት አልነበራቸውም። ደግሞስ ለምን ይውጡ? ከ1,000 በላይ ሰው ሰፈረ። ሕፃናት ተወለዱ። ሰው ጓሮውን አጠረ፤ ዶሮ አረባ፤ ሽንኩርት ተከለ። መጠለያ ሳይታወቅ መንደር ይሆናል።

አስተዳደሩ ወታደራዊ ነበር። ጉልበት ያለው መሥራት ግዴታው ነው። ሥራ አልሠራም ያለ ስንቅ አያገኝም። ወንዶቹ እርሻው ላይ፣ ወፍጮው ላይ፣ የሠራዊቱ መጋዘን ውስጥ ይውላሉ። ሴቶቹ ያጥባሉ፣ ይሰፋሉ፣ በእርሻም ይሠማራሉ። ፍትሑም በወታደር እጅ ነው፤ ያጠፋ ወደ ዘብ ቤት ይሄዳል። ከጌታ ቁጥጥር የወጣ ሰው ወደ ሻምበል ቁጥጥር ገባ ማለት ይቻላል። አለንጋ የለም። ልጅ አይሸጥም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ማቃለል አልፈልግም። ግን ሰው የራሱ አዛዥ ሲሆን የሚሰማው ነገር ገና አልመጣም።

ትምህርት ቤቱ የመንደሩ ልብ ነበር። ተማሪው በጥቂት ጊዜ ውስጥ በመቶዎች ተቆጠረ። በደህናው ጊዜ ወደ 900 ደርሷል። ከልጆቹ ጋር አዋቂዎችም ተቀመጡ። ቨርጂኒያ ውስጥ ባሮችን ሰብስቦ ማስተማር በሕግ የተከለከለ እንደነበር እናስታውስ። የሃምሳ ዓመት ሰው ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ሀ ብሎ ሲጀምር ምን ያህል ጥማት እንደነበረው ይታየናል። እኛም አገር በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ አያቶቻችን ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እየጎተቱ ያነበቡበትን ጊዜ የሚያስታውስ አለ።

በ1864 ሶጆርነር ትሩዝ መጣች። ራሷ በኒው ዮርክ በባርነት ተወልዳ ነፃ የወጣች፣ በየአገሩ እየዞረች ባርነትን የምታወግዝ ስመ ጥር ሴት ናት። ያኔ ዕድሜዋ ስልሳን ተሻግሯል። በመንደሩ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ኖረች። ሴቶቹን ቤት አያያዝና ንጽሕና መከረች። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራዋ ግን ሌላ ነው።

ሜሪላንድ ባርነትን ያስቀረችው በኅዳር 1864 ነው። ከዚያ በፊት የቀድሞ ጌቶች ወንዙን እየተሻገሩ ከመንደሩ ልጆች ይሰርቁ ነበር። እናቶቹ ይጮኻሉ፣ የሚሰማ የለም። ብትጮሂ ዘብ ቤት ትገቢያለሽ ይባላሉ። ትሩዝ ለእናቶቹ ነገረቻቸው። ነፃ ናችሁ። ልጃችሁ የእናንተ ነው። ሕግ አለ፣ ክሰሱ። ልጅ ሰራቂዎቹ እሷንም ዘብ ቤት እናስገባሻለን ብለው አስፈራሯት። ሞክሩኝ፣ አሜሪካን እንደ ሕፃን አልጋ አወዛውዛታለሁ ብላ መለሰች ይባላል። ለእኔ ይህ ከሁሉም እርዳታ ይበልጣል። ስንቅ ሆድ ይሞላል። መብትህ ይህ ነው ብሎ የሚነግርህ ሰው ግን ወገብህን ያቀናልሃል።

ከደመወዙ የተነሣው አምስት ዶላር

ብዙ ሰው ይህ መንደር በመንግሥት ምጽዋት የኖረ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። በዋሽንግተንና በአሌክሳንድሪያ ለሠራዊቱ የሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞች በወር 25 ዶላር ይታሰብላቸው ነበር። ከዚህ ላይ 5 ዶላር ይቆረጣል። ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ ስሙ «የኮንትሮባንድ ፈንድ» ነው። የሕመምተኛው፣ የአረጋዊው፣ የወላጅ አልባው ወጪ ከዚያ ይሸፈናል። መንደሩ የተሠራውም በአብዛኛው በዚሁ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ሠራተኛው የገዛ ወገኑን የሚጦረው ከደመወዙ ነበር። ያውም ሳይጠየቅ። ነጭ ሠራተኛ ይህ አይቆረጥበትም። ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ነፃ የነበረ፣ አንድ ቀን እንኳ ከመንግሥት ስንቅ ያልተቀበለ ጥቁር ግን ይቆረጥበታል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በሠራዊቱ የስንቅ መጋዘን የሚሠሩ ሰዎች በ1863 ለጦር ሚኒስትሩ አቤቱታ ጽፈዋል። ኪራይ እንከፍላለን፣ ቤተሰባችንን እናስተዳድራለን፣ አምስት ዶላሩ ለምን ይወሰድብናል አሉ። መቆረጡ ያኔ አልቀረም። ያቺ አምስት ዶላር ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሳ ትመጣለች።

ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በመጋቢት 3 ቀን 1865 ኮንግረስ ከባርነት የወጡትን የሚረዳ አዲስ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በተለምዶ ፍሪድመንስ ቢሮ ይባላል። በጦር ሚኒስቴር ሥር ነው። ኃላፊው ጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ ሆነ። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስም ከእሱ የመጣ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ስንት የእኛ ልጆች የተማሩበት ትምህርት ቤት። ቢሮው መጀመሪያ ራሱን የቻለ በጀት እንኳ አልነበረውም። የሠራዊቱን ስንቅ፣ የሠራዊቱን ልብስ፣ የሠራዊቱን መኮንኖች ነው የተጠቀመው። ያም ሆኖ በደቡቡ ሁሉ ወደ 21 ሚሊዮን ሬሽን አደለ። ከተቀበሉት መካከል ጦርነቱ ያደኸያቸው ነጮችም ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች እንዲቆሙ ረዳ። የሥራ ውሎችን አጻፈ፣ ጋብቻ መዘገበ። በባርነት ዘመን በሕግ የማይታወቅ ጋብቻ በወረቀት ሲሰፍር ሰዎቹ ለመመዝገብ ይሰለፉ ነበር።

የአርሊንግተኑ መንደርም በዚያው ዓመት በቢሮው እጅ ገባ። ቢሮው አንድ ፍርሃት ነበረው። ሰዎቹ እርዳታ እንዳይለምዱ የሚል። ሃዋርድ ደጋግሞ የሚያነሣው ይህንን ነው። ስለዚህ ሬሽን በየጊዜው ተቀነሰ። ከዋሽንግተን አካባቢ ሥራ ፈላጊዎች በሺዎች እየተሰበሰቡ በባቡር ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተላኩ። ሁለት መቶ ዓመት በነፃ የሠራን ሕዝብ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ መፍራት ለእኔ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ለአንዲት ሴት የተቻለው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቢሮውን ያቋቋመው ሕግ ስለ መሬት ይናገራል። ባለቤቱ ጥሎት ከሄደ ወይም ከተወረሰ መሬት ላይ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር ለሦስት ዓመት ይከራያል። ከዚያ በኋላ ተከራዩ መግዛት ይችላል። 40 ኤከር ወደ 16 ሔክታር ነው። ሊንከን ከተገደሉ በኋላ የተተኩት አንድሩ ጆንሰን ግን ለደቡብ ሰዎች ምሕረት አደረጉ። ከምሕረቱ ጋር መሬታቸው ተመለሰላቸው። በሳውዝ ካሮላይናና በጆርጂያ ዳርቻ መሬት ይዘው ማረስ የጀመሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነሡ። ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል፤ ጆንሰን ባይመልስ ኖሮ ይላሉ።

አርሊንግተንን ልዩ የሚያደርገው ይህ ሰበብ እዚያ አለመሥራቱ ነው። መሬቱ ለሊ ቤተሰብ አልተመለሰም። መንግሥት በጨረታ ገዝቶት በእጁ ነው። የሚከራከር ባለርስት ለብዙ ዓመት ደጁ ላይ አልነበረም። መስጠት ቢፈልግ የሚይዘው አልነበረም። መቻሉንም ራሱ አሳይቷል።

ማሪያ ሲፋክስ የምትባል ሴት ነበረች። እናቷ አሪያና ካርተር በርስቱ ላይ ባሪያ ነበረች። አባቷ ራሱ ከስቲስ ነው። ማሪያ በ1821 በዚያው ርስት ባሪያ የነበረውን ቻርልስ ሲፋክስን አገባች። ከስቲስ በኋላ እሷን ከልጆቿ ጋር ነፃ አወጣት፤ 17 ኤከር ያህል መሬትም ሰጣት። በቃል ነው እንጂ በወረቀት አይደለም። መንግሥት ርስቱን በግብር ዕዳ ሲገዛ የእሷም መሬት አብሮ ሄደ። ልጇ ዊልያም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበርና ሰው ያውቃል። አቤት አለ። በሰኔ 1866 ኮንግረስ በስሟ ሕግ አውጥቶ መሬቱን መለሰላት። ፕሬዚዳንቱም ፈረሙ።

ደስ ይለኛል። ይገባት ነበር። ግን ከእሷ አጥር ማዶ ከ1,000 በላይ ሰው በወር ኪራይ እየከፈለ ይኖር ነበር። ለእሷ የተቻለው ለእነሱ ለምን አልተቻለም? እሷ የባለርስቱ ደም ነበራት። የሚናገርላት ልጅም ነበራት። እነሱ የነበራቸው ላባቸው ብቻ ነው። ላብ ደግሞ ማስረጃ ሆኖ አልተቆጠረም።

በ1868 መንደሩን ለመዝጋት ተሞከረ። ነዋሪዎቹ አንወጣም አሉ፤ አቤቱታ ጻፉ። ቢሮው ራሱ እየተዘጋ ነበር። አብዛኛው ሥራው በ1869 መጀመሪያ ላይ ቆመ፤ በሰኔ 1872 ጨርሶ ፈረሰ። ሰዎቹ ግን ቀሩ። መሬት ተከራዩ፣ ቤት ጨመሩ፣ ፍራፍሬ ተከሉ። መምረጥ ሲፈቀድላቸው መረጡ። የማሪያ ልጅ ጆን ሲፋክስ በ1870ዎቹ አጋማሽ የቨርጂኒያ ምክር ቤት አባል ሆነ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ከንብረትነት ወደ መራጭነት የደረሰ መንደር ነው።

ዘጠና ቀን

የሊ የበኩር ልጅ ከስቲስ ሊ መንግሥትን ከስሶ ነበር። በታኅሣሥ 4 ቀን 1882 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደለት። ርስቱ ያለ አግባብ ነው የተወሰደው ተባለ። መንደሩ ከተመረቀ ልክ በ19 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። ያኔ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ተቀብረውበታል። ሬሳ አውጥቶ ማስረከብ አይቻልም። ስለዚህ ኮንግረስ በ1883 ለከስቲስ ሊ 150,000 ዶላር ከፍሎ መሬቱን በሕግ ገዛው። ርስቱን ለመንግሥት የተረከበው የጦር ሚኒስትሩ ነው፤ ሮበርት ቶድ ሊንከን፣ የአብርሃም ሊንከን ልጅ። የሊ ልጅ ሸጠ፣ የሊንከን ልጅ ተረከበ። መሬቱ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች የጠየቀ የለም።

መንግሥት አሁን ምንም የማያጠራጥር ባለቤት ሆነ። በ1887 የመቃብሩ ኃላፊ ነዋሪዎቹ ለማገዶ ዛፍ ይቆርጣሉ ሲል ከሰሰ። በታኅሣሥ 7 ቀን 1887 ትእዛዝ ወጣ። በዘጠና ቀን ውስጥ ልቀቁ።

ያኔ 763 ሰው ነበር መንደሩ ውስጥ። ቤቶቹ 124። ጊዜው ክረምት ነው። እዚያ የተወለዱ ልጆች የራሳቸው ልጆች ነበሯቸው። ጆን ሲፋክስ በጥር 1888 ለጦር ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፈ። ሰዎቹ ይህንን ቦታ ያለሙት እንደሚቀርላቸው ተስፋ ተሰጥቷቸው ነው አለ። ሃያ አራት ዓመት ኖረውበታል። ከተነሡም ለእያንዳንዱ ቤት በአማካይ 350 ዶላር ይከፈል ሲል ጠየቀ።

የቤቱን ግምት ስጡን እንጂ መሬቱን ስጡን አላለም። ደብዳቤውን ሳስብ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በ24 ዓመት ውስጥ የሚጠየቀው ነገር ራሱ አንሶ ነበር።

ዘጠና ቀኑ አለፈ። ሰው አልወጣም፤ በጉልበትም ወዲያው አልወጣም። ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ። በ1900 ኮንግረስ 75,000 ዶላር መደበ። ገንዘቡ የቤቶቹ ግምትና በጦርነቱ ዘመን ከደመወዝ የተቆረጠችው የኮንትሮባንድ ፈንድ ነው። አምስት ዶላሯ ተመለሰች። የራሳቸው ገንዘብ እንደ ካሳ ተቆጥሮ ተሰጣቸው። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ለአንድ የባለርስት ልጅ 150,000 ዶላር። መሬቱን ላለማው ሕዝብ ሁሉ ተደምሮ 75,000። መንደሩ ተዘጋ።

ወዴት ሄዱ?

ብዙዎቹ ሩቅ አልሄዱም። ቀድመው የነቁ ነበሩ። በባርነት ዘመን የሊ ቤተሰብ የቤት ኃላፊ የነበረችው ሰሊና ግሬይ ከባሏ ከቶርንተን ጋር እዚያው አርሊንግተን፣ ግሪን ቫሊ በሚባለው ሰፈር 10 ኤከር ገዝታ ነበር። ሌሎችም ተከተሉ። ቤተ ክርስቲያኖቹ አብረው ተጓዙ። ከመንደሩ ሰዎች የበቀሉት ማውንት ዛየን ባፕቲስትና ሎማክስ ዛሬም ግሪን ቫሊ ውስጥ አሉ። በገዛ ገንዘባቸው፣ በስማቸው፣ በካርታ።

ኩዊን ሲቲ የሚባል ሰፈርም ቆረቆሩ። መግቢያው ላይ ካነሣሁት ድልድይ አጠገብ ማለት ነው። ግን በ1942 መጀመሪያ ፔንታጎን ሲሠራ መንግሥት ለመንገዱ ፈለገው። ወደ 900 ሰው በሳምንታት ውስጥ ተነሣ። የብዙዎቹ ማረፊያ መንግሥት ያቆመው ተጎታች ቤት ሆነ። እነዚህኞቹ ካርታ ነበራቸው። ካሳ አስገኘላቸው፤ ቤታቸውን ግን አላዳነም። ይህን ሳነብ ስለ ወረቀት ያለኝ እምነት እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ወረቀት ያለው ሰው ሲገፋ ቢያንስ የሚከራከርበት ይኖረዋል። የሚገፋው ማን እንደሚሆን የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከመንደሩ ዘመን ሰዎች እዚያው የቀሩት የሞቱት ናቸው። ብሔራዊ መቃብሩ ውስጥ ክፍል 27 የሚባል አለ። ከባርነት የወጡ ከ3,800 በላይ ሰዎች ተቀብረውበታል። ከካምፑም ከከተማውም የመጡ፣ ብዙ ሕፃናትም ያሉባቸው። ድንጋዮቹ ትንንሽ ናቸው። በአንዳንዱ ላይ «ሲቪሊያን» ይላል፤ በሌላው ላይ «ሲትዝን»፣ ዜጋ ማለት ነው። የተቀበሩት እስከ 1867 ባለው ጊዜ ነው። ጥቁሮች ዜጋ መሆናቸውን ሕገ መንግሥቱ ያረጋገጠው በ1868 ነው።

በ1925 ኮንግረስ የሊን ቤት ድሮ እንደነበረ አድሳችሁ አቁሙ አለ። ግን የድሮውን አቀማመጥ የሚያውቅ ጠፋ። ጉድጓዱ የት ነበር? ምንጩስ? የባሮቹ ቤቶች የት ላይ ይቆማሉ? ጄምስ ፓርክስ ያኔ በሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ልጆቹን ያሳደገው በአርሊንግተን ነው። መቃብር እየቆፈረ፣ ግቢውን እየጠበቀ ነው የኖረው። መጥቶ አንድ በአንድ ጠቆማቸው። ይህ እዚህ ነበር፣ ያ እዚያ ነበር። እድሳቱ የተሠራው በእሱ ትውስታ ጭምር ነው።

በ1929 ሲሞት የጦር ሚኒስቴሩ ልዩ ፈቃድ ሰጠ። በወታደራዊ ክብር ክፍል 15 ውስጥ ተቀበረ። በዚያ ሁሉ መቃብር ውስጥ እዚያው ርስት ላይ ተወልዶ እዚያው የተቀበረው እሱ ብቻ ነው።